አንድ ዐይኔን ጨፍኜ የኖርኩባቸው ወራት

አመሻሽ ላይ መንገዱ ሁለት የሚሆንበት፣ ሥጋ ሲያኝክ መንጋጋው የሚዝልበት፣ ጠዋት ሲነሳ ግን ደህና ስለሚሆን ለማንም ሳይናገር የሚውል ሰው በመካከላችሁ ካለ ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። ሐኪም አይደለሁም። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ አጠገብ ዋይትሆል የምኖር፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የምነዳ፣ የአንዲት ሴት ባልና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። ባለቤቴ ሮማን ዲቪ ደርሷት ከመምጣታችን በፊት ወታደር ነበርኩ፤ አልሞ ተኳሽ። ይህን የምጠቅሰው ለጉራ አይደለም። ያኔ የተማርኩት ሙያ ሕመሜን ከሐኪሞችም፣ ከሮማንም፣ ከራሴም ደብቆ ሊገድለኝ ስለነበረ ነው።

የጀመረኝ ሰመሩ፣ የአሜሪካ በጋ፣ ሊያልቅ ሲል ነው። ከሥራ ወጥቼ በቀለበት መንገዱ ወደ ቤት እየነዳሁ ነበር። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ተቃርባለች፤ ሰማዩ ብርቱካን መስሏል። ከፊቴ የሚሄደው የጭነት መኪና ቀስ ብሎ ከራሱ ውስጥ ሌላ መኪና አወጣ። አንደኛው መሬት ይዞ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ትንሽ ከፍ ብሎ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ቀይ መብራቶቹ አንዴ ይጠጋጋሉ፣ አንዴ ይራራቃሉ። መደንገጥ ነበረብኝ፤ አልደነገጥኩም። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ከዚያ ሳላስበው ግራ ዐይኔን ጨፈንኩ። ተንሳፋፊው መኪና ጠፋ፣ የምድሩ ብቻ ቀረ፣ እኔም ቤቴ ገባሁ።

ግራ ዐይን መጨፈን የእኔ የቆየ ልማድ ነው። ሥልጠና ላይ አሠልጣኛችን ሁለቱንም ክፈቱ እያለ ይጮህብን ነበር፤ አንዱን ጨፍኖ ለረጅም ሰዓት የሚያይ ሰው ፊቱም ዐይኑም ቶሎ ይደክማል። ሌሎቹ ለመዱ፤ እኔ እምቢ አለኝ። ግራዬን ካልጨፈንኩ ዓለም አይሰበሰብልኝም። በኋላ ውጤቴን ሲያይ ተወኝ።

ሰው አልሞ ተኳሽ ሲባል የሚታየው ተኩሱ ነው። ሥራው ግን ባብዛኛው መጠበቅ ነው። ቆላ ውስጥ፣ ጉብታ ላይ፣ ቅጠል ለብሰህ ሆድህ ላይ ትተኛለህ። ሣሩ ወዴት እንደሚያጋድል፣ አቧራው ወዴት እንደሚሄድ እያየህ ነፋሱን ትገምታለህ። ቀትር ላይ መሬቱ ሲግል ሙቀቱ ይነሳና ሜዳው በሙሉ መዋኘት ይጀምራል፤ ዛፉም ድንጋዩም ይወዛወዛል። እሱም ስለ ነፋሱ ይነግርሃል። ጥይት ሩቅ ሲሄድ ጊዜ ይወስድበታል፣ ወደ ታችም ይወርዳል፣ ነፋስም ይገፋዋል፤ ይህን ሁሉ ቀድመህ ታስብለታለህ። በመጨረሻ ትንፋሽህን ትስባለህ፣ ግማሹን ታወጣለህ፣ እዚያው ላይ ትይዘዋለህ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው ቃታው በቀስታ የሚሳበው። ተኩሼያለሁ፣ ወታደር ነበርኩ፤ ስለዚያ ግን እዚህ አልጽፍም።

አልሞ ተኳሽ ብቻውን አይወጣም። አጠገቡ በትልቅ መነጽር የሚያይለት ጓደኛ አለው፤ እኛ ተመልካች እንለው ነበር። የእኔ ተመልካች ታደለ ነው። ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ ጸጉር ያስተካክላል። ለዓመታት ክንዱ ክንዴን እየነካ አጠገቤ ተኝቶ ነፋሱን፣ ርቀቱን፣ አንዳንዴም የእኔን ትንፋሽ በሹክሹክታ ሲነግረኝ ኖሯል።

ወደ ሕመሜ ልመለስ። ቅጠል የሚረግፍበት በልግ ሲገባ ነገሩ በየአመሻሹ ይመጣ ጀመር። ፎርክሊፍቱ ላይ ሆኜ መደርደሪያው ሁለት ይሆናል፤ እጨፍናለሁ፣ አንድ ይሆናል። ቤት ስገባ ሮማን ከጓዳ ሁለት ሆና ትወጣለች፣ አንዷ ከአንዷ ትከሻ ላይ እንደተነሳች።

"ምን ያስቅሃል?" አለችኝ አንድ ቀን።

"ሁለት ሆነሽ መጣሽ።"

"አንዷንስ መቼ ቻልካትና!"

የማሽኮረምማት መስሏት ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ በዚያው ታለፈ። ቢሆንም መነጽር ቤት ሄድኩ። ቀጠሮዬ ጠዋት ነበር። አንድ ዐይኔን ሸፍነው በሌላው አስነበቡኝ፣ ቀጥለው ሌላውን። የመጨረሻዋን መስመር፣ ማንም የማያነባትን፣ በሁለቱም ተራ በተራ አነበብኩላቸው። ዐይንህ የወጣት ዐይን ነው ብለው ለኮምፒውተር የሚሆን ቀለል ያለ መነጽር ሸጡልኝ።

ዴቭ የሚባል አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ አጋዘን አዳኝ ነው። ወታደር እንደነበርኩ ከሰማ ጀምሮ አላስቀምጥ አለኝና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከከተማ ውጪ ወዳለ የተኩስ ሜዳ ወሰደኝ። ረጅም ርቀት የሚመታ ጠመንጃ አለው፤ ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ፣ አፈሙዙ ረጅምና ወፍራም፣ መነጽሩ ጥርት ያለ። እኛ ከያዝነው አሮጌ መሣሪያ ጋር ሲተያይ የሙሽራ ዕቃ ነው። ሜዳው ላይ ስስ ጉም ተኝቷል። ከጉሙ ማዶ የተሰቀለችው የዒላማ ብረት ጥፍር ታክላለች። ተኛሁ፣ ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አስደገፍኩ፣ ግራዬን ጨፈንኩ፣ ሣሩን አየሁ፣ ግማሽ ትንፋሼን አወጣሁ። ተኩሱ ከሄደ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ የብረቱ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ ቀስ ብሎ መጣ። ዴቭ ባርኔጣውን አወለቀ።

እኔ ደግሞ በልቤ፣ ይህን የመታ ዐይን ምን ሊሆን ይችላል አልኩ። ከመነጽር ቤቱ በላይ ያቺን ብረት አመንኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይፈራ ነበር፤ እኔ ያን ቀን ድኜ የተመለስኩ ያህል ተሰማኝ።

የዐይኔ ቆብ ወደ ታች መውረድ ሲጀምር ሮማን በግድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። እዚያ የጠበቅነውን ሰዓት ቆጥሬ አላውቅም። ግድግዳው ላይ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን አለ፤ ምግብ የምትሠራ ሴት አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ እኔ በአንድ ዐይኔ አያታለሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው። ምን ሠርተህ ታውቃለህ ሲለኝ ነገርኩት። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲለወጥ አየሁ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሁሉ ስለ ሕልሜ ሆነ። ትቃዣለህ? በድንጋጤ ትነቃለህ? ሰው ብዙ ያለበት ቦታ ያስጨንቅሃል? አንዳንዱን አዎ አልኩ፤ ማን ነው የማይቃዠው? ጭንቀት ነው ተባልኩና የእንቅልፍ ኪኒን ታዘዘልኝ። ቢሉ ሲመጣ ሮማን ፖስታውን ሳታሳየኝ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ቸርች ውስጥም ጸሎት ተደረገልኝ። በቅን ልብ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዲት እናት ግን እጃቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው "ያ ዐይን ያየው ነው ልጄ" አሉ። በመልስ መንገድ የምትነዳው ሮማን ነበረች። ቤት ልንደርስ ስንል "ደሬ፣ እውነት እሱ ይሆን?" አለችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። ያን ቀን በጣም ከፋኝ። በውጊያ ያልፈራሁትን ያህል የሚስቴን ጥያቄ ፈራሁ፤ ምክንያቱም እኔም በውስጤ ያንኑ እጠይቅ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ መንጋጋዬ ተከተለ። ጥብስ ሦስት አራት ጊዜ ጎርሼ አገጬን በእጄ ደግፌ እቀመጣለሁ፣ የማስብ መስዬ። ከዚያ ድምፄ በአፍንጫዬ መውጣት ጀመረ። ልጄ ሊዲያ ሃይስኩል ናት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም።

"ዳድ፣ ዋይ አር ዩ ቶኪንግ ላይክ ዛት?"

"ጉንፋን ነው፣ የኔ ልጅ።"

"ዩ ሴድ ዛት ላስት መንዝ።" እውነቷን ነው፤ ባለፈው ወርም ጉንፋን ነው ብያት ነበር።

እንደ ተኳሽ አሰብኩ። ጠላት ሲንቀሳቀስ አትንቀሳቀስም፤ ቦታህን አታሳይም። በጠዋት መብላት ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ብዙ አላወራም። ከዋልኩበት ስመለስ ሶፋ ላይ እጋደማለሁ። ሰዉ ሁሉ ዝምተኛ ሆነ ብሎ ተቀበለኝ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። ውጪ በረዶ ይጥላል፤ በመስኮቱ ሲወርድ ሳየው በረዶውም ሁለት ነው፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ እያለፈ ይወርዳል። ሮማን ዌስተርቪል የሚባል ሰፈር ሽማግሌዎችን ቤት ለቤት እየሄደች ትንከባከባለች፤ ለማታው ሥራ መኝታ ቤት ልብሷን ትተኩሳለች። እኔ ሶፋው ላይ ነኝ። ትንፋሼ አጥሯል። ግን አላስጨነቀኝም። ያቺ የድሮዋ ዝምታ መሰለችኝ፤ ግማሽ አውጥተህ የምትይዛት። ዓመታት አልፈው ደግሜ ያገኘኋት መሰለኝና ደስ አለኝ። ጉብታው ታየኝ፤ ሜዳው ይዋኛል፣ ሣሩ ወደ ግራ ያጋድላል፣ የምጠብቀው ነገር ከማዶ ሊመጣ ነው። መነሳት አላማረኝም።

ስልኩ ጠራ። ታደለ ነው፣ በቪዲዮ። እሱ ጋ መሽቷል፤ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ገብቷል። ስለ ልጁ ፈተና ሊያወራኝ ጀመረና መሀል ላይ ቆመ።

"ትንፋሽህን ለምን ያዝከው?"

"አልያዝኩም።"

"ማንን ነው የምትጠብቀው?"

ልስቅ ሞከርኩ፣ ሳቁ አልወጣም። ታደለ ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠጋ።

"ደረጀ፣ ስማኝ። አንተ ስትይዝ ትከሻህ ይሞታል። አሁን ትከሻህ እየተነሳ ነው፤ አንገትህ እየጎተተ ነው። አንተ ይዘህ አይደለም፣ ትንፋሽ አጥሮህ ነው። ሮማን የታለች?"

"ትንሽ ልረፍና..."

"ስልኩን ለሮማን ስጣት! አሁን!"

በዚያ ድምፅ ተናግሮኝ አያውቅም። ሮማን ጩኸቱን ሰምታ መጣች፤ እጇ ላይ ካውያው እንዳለ ነበር። ስልኩን ነጠቀችኝ። ታደለ ምን እንዳላት አልሰማሁም፣ እሷ ግን ካውያውን ጣለችና እጇን ደረቴ ላይ አደረገች። ከዚያ ዘጠኝ አንድ አንድ ስትደውል፣ ሊዲያ ካልሲዋን እንዳደረገች በረዶው ላይ ወጥታ ለአምቡላንሱ እጇን ስታውለበልብ ትዝ ይለኛል።

ሆስፒታል ቱቦ ውስጥ አስነፉኝ፤ ያወጣሁት ትንፋሽ ለአንድ ሻማ አይበቃም። ቶሎ አፍና አፍንጫ የሚይዝ፣ አየር እየገፋ የሚያስገባ ጭንብል አደረጉልኝ። ትንሽ ቢዘገይ ቱቦ ጉሮሮዬ ውስጥ ይገባ እንደነበር ኋላ ነገሩኝ፤ ከዚያም ቢዘገይ ምን እንደሚሆን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ጭንብሉ ውስጥ ጊዜ የለም። ነጭ መጋረጃ ይነቃነቃል፣ አንድ ሰው ከንፈሬን በእርጥብ ጨርቅ ያብሳል፣ መሣሪያው በእኔ ፋንታ ይተነፍሳል። መሬት ሲወለውል የነበረ አንድ አበሻ በር ላይ ቆሞ "እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ" ብሎኝ አለፈ። ስሙን አላውቅም፤ ያን ቀን ካገኘሁት መድኃኒት ሁሉ እሱም አንዱ ነበር።

የነርቭ ሐኪሟ አጭር ሴት ናት፣ ነጠላ ጫማ የምታደርግ። ጣቷን ከግንባሬ በላይ አነሳችና "ይህን ተመልከት፤ ዐይንህን ወደ ላይ እንደተከልክ ያዝ፣ አትንቀል" አለችኝ። በሕይወቴ አሳምሬ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ዐይን መትከል ነው። ተከልኩ። ጣቷ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ከዚያ ከላይ አንድ ጥላ ቀስ እያለ ወረደ። ታገልኩት፤ እምቢ አለኝ። የገዛ ዐይኔ ቆብ ነበር። ጣቷ ጠፋ። የማልሸነፍበት ሥራ ላይ ተሸነፍኩና እንባዬ መጣ።

እሷ ግን ፊቷ በራ። የላስቲክ ጓንት ውስጥ በረዶ አስሞልታ፣ አፉን ቋጥራ፣ ዐይኔ ላይ አስቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ስታነሳው የዐይኔ ቆብ ተመልሶ ተከፍቷል። ሮማን "ጌታ ሆይ!" ብላ አፏን ያዘች።

ስሙ ማያስቴኒያ ግራቪስ ይባላል። ሐኪሟ እንዲህ አስረዳችኝ፦ ነርቭ ለጡንቻ ትእዛዝ ይልካል፣ ጡንቻው ትእዛዙን የሚቀበልበት በር አለው። ሰውነቴ ራሱን ሊከላከል ያሰማራው ኃይል ተሳስቶ እነዚያን በሮች ይዘጋል። ጡንቻው ሲያርፍ ትንሽ ያገግማል፣ ሲሠራ ይዝላል። ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት ደህና የምሆነው። በደም ምርመራም ተረጋገጠ። ከውጊያ ጋር፣ ካየሁት ነገር ጋር ግንኙነት እንደሌለው ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ሮማንም ሰማች።

"ይህን ያህል ወር ምስሉ ሁለት እየሆነ እንዴት ቻልከው?" ብላ ሐኪሟ ጠየቀችኝ።

አንድ ዐይኔን በእጄ ሸፍኜ አሳየኋት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "አንዱ ሲጨፈን ሁለተኛው ምስል ይጠፋል" አለች፤ "ሕመሙ ግን አይጠፋም። መነጽር ቤትም አንድ በአንድ ስለሚመረምሩህ ምንም አያገኙም።" እናንተ ግን እንዲህ ከሆናችሁ፣ ሁለቱም ሲከፈቱ ብቻ የሚመጣ መሆኑን ለሐኪም ንገሩ፤ የሚብስባችሁንም ሰዓት ንገሩ። የምትወስዱትንም መድኃኒት አሳዩ፤ አንዳንዱ ይህን ሕመም ያባብሰዋል።

ሮማን የተቆጣችው ከአደጋው ከወጣሁ በኋላ ነው። ጭንብሉ አሁንም ፊቴ ላይ ስለነበረ መመለስ አልችልም፤ ሆን ብላ ያን ጊዜ የመረጠች ይመስለኛል።

"ዌስተርቪል ሄጄ የሰው አባት ትንፋሽ ስቆጥር እያደርኩ" አለች፣ "የባሌን ሐዋሳ ያለ ሰው ይቁጠርልኝ? አንድ አልጋ ላይ እየተኛን? እኔ ለአንተ ማን ነኝ ደሬ?"

እጇን ያዝኩ። አላስለቀቀችኝም፣ ግን አልጨበጠችኝምም።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። ሲጀምርህ ንገረኝ። ሲብስብህ አይደለም፤ ሲጀምርህ።"

ማገገሙ ቀስ ያለ ነው። በደም ሥር መድኃኒት ተሰጠኝ። ቀጥሎ በየተወሰነ ሰዓት የሚዋጥ ኪኒን፣ ከእሱም ጋር ፊቴን ያሳበጠው ሌላ ኪኒን መጣ። ጸደይ ላይ ደረቴ አጥንት ሥር ያለችውን ታይመስ የምትባል ዕጢ በቀዶ ጥገና አወጡልኝ፤ ስህተቱን የምታባብሰው እሷ ናት ተባለ። ቀስ በቀስ ማኘክ ጀመርኩ፤ ሊዲያ ከመጀመሪያው ሙሉ ጥብስ ጋር ፎቶ አነሳችኝ። መንገዱም አንድ ሆነ፤ መንዳት ሲፈቀድልኝ ዴቭ መጋዘን ድረስ ኬክ ይዞ መጣ።

ከበሽታው ይልቅ የከበደኝ የሮማን ልመና ነው። ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ዕድሜዬን የኖርኩት ቦታውን ያሳየ ይሞታል ተብዬ ነው። "ደክሞኛል" የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። አንድ እሑድ ቸርች ውስጥ የዐይኔ ቆብ ሲወርድ ጥቁር መነጽር አድርጌ ተቀመጥኩ። ሮማን አየችኝ፣ ፊቷን ብቻ ወደ መድረኩ አዞረች። ከስድብ በላይ አመመኝ።

ባለፈው ሰሞን ነው። ሮማን ከሌሊት ሥራ ገብታ ተኝታለች። ሊዲያ ትምህርት ቤት ናት። ለብቻዬ ምሳ ስበላ ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ በውሃ ልገፋው ስል ውሃው በአፍንጫዬ ተመለሰ። ሁለተኛም ሞከርኩ፣ ያው ነው። ተነስቼ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ቤቱ ውስጥ ውሃ ሥር ያለ የሚመስል ሰማያዊ ብርሃን አለ። እጇን ከትራሱ ሥር ከታ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ይዟታል። አሁን ነው የተኛችው አልኩ። ምናልባት ያልፋል፣ ትንሽ ልይ አልኩ። መጠበቅ የማይሰለቸኝ ሰው ነኝ፤ እዚያው በር ላይ እስኪመሽ መቆም እችላለሁ።

እግሯን ነካኋት።

"ሮማን።"

"እ?"

"ጀመረኝ።"

በሌሊት ልብሷ ላይ ጃኬት ደረበች፣ ቁልፍ አነሳች፣ ወጣን። መንገድ ላይ መብራት ሲይዘን ደረቴን በዐይኗ ታያለች።

የሆስፒታሉ እንግዳ መቀበያ ሞልቷል። ስሜን ሲጠሩ አብራኝ ገባች። ነርሷ ግፊቴን እየለካች፣ ፊቷን ኮምፒውተሩ ላይ እንዳደረገች፣ "መቼ ጀመረህ?" አለችኝ።

"ዛሬ" አልኩ። "ምሳ ላይ።"

አጠገቤ ሮማን ተንሰቀሰቀች። የጃኬቷን እጅጌ አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ አለቀሰች። ነርሷ ደንግጣ ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች።

"እሷንስ? እሷን መቼ ጀመራት?"

"የእሷ" አልኩ፣ "ቆይቷል።"